የተገዘተው ጓሮ

ገነተ ማርያም፣ ኅዳር 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ባለቤቴ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ፣
ደሴ

ሰላምታዬ እንደ መንገዱ ርዝመት ይብዛልዎ። ዓይንዎ እንዴት ነው? የእህትዎ የአሰለች ቤት ተስማማዎት ወይ? እኔና ልጃችን ብርቅዬ በጤናችን አለን። ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ሌላ ሰው ባጽፍ ነገራችን ከደብዳቤው ቀድሞ ገበያ ይወጣል ብዬ ነው። መሠረተ ትምህርቱ የሰጠኝ ፊደል ይህን ያህል ነውና ቢንጋደድ ይታገሡኝ።

በነጋዴው በአብዱልሀሚድ የላኩት ጥያቄ ደርሶኛል። ጓሯችንን የደፈረ ሰው አለ ወይ ነው ያሉኝ። የለም። ለዓይንዎ ሕክምና ወደ ደሴ ሊሄዱ ሲሉ በመጨረሻው እሑድ፣ ድንቼ ተሰረቀ ብለው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመው «እኔ ተመልሼ እስክፈታው ድረስ ከጓሮዬ ካብ ወዲያ እግሩን ያሳለፈ፣ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ የተገዘተ ይሁን» ካሉ ወዲህ አንድም ሰው ድርሽ አላለም። ችግሩ እኔም ድርሽ አለማለቴ ነው። በቁጣዎ መካከል «ቤተሰቤ ሲቀር» ማለቱን ረሱት። ድንቹም ነጭ ሽንኩርቱም እዚያው ካቡ ውስጥ ቀርቷል፤ እኔ ከደጅ ሆኜ አየዋለሁ፤ ለወጥ የሚሆነኝን ከጎረቤት እለምናለሁ።

ድንቹ ግን አሁንም ይቆፈራል። ባለፈው ሳምንት በካቡ ላይ አንገቴን አስግጌ ባይ መደቡ ተገለባብጧል፤ ግማሹ ተበልቷል፣ ግማሹ ተነክሶ ተጥሏል። በአጠገቡ ነጭና ጥቁር እሾህ ወድቆ አየሁ። ከታችኛው ጥግ፣ ከጌሾው ሥር፣ ሰው ተጎንብሶ የሚገባበት የሚያህል ጉድጓድ ተምሷል። ሌባችን ጃርት ነው። በአገሩ ካለው ፍጥረት ሁሉ ግዝትዎ የማይዘው እሱን ብቻ ነው፤ እሱም ይህን የሚያውቅ ይመስል እዚያው ቤት ሠርቷል።

እንግዲህ የጎረቤታችንን የሞላን ልጅ ነገር ላንሣ። ልጁን ጋሻዬን በካቡ ጥግ አገኘሁት ብለው፣ ብርቅዬን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች «ለድንች ሌባ ልጄን አልድርም» ብለው መለሷቸው። ጋሻዬ ከካቡ ጥግ የቆመው ለድንች እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። እርስዎ ራስዎ በአባቴ ካብ ጥግ ስንት ጊዜ ተገኝተዋል? ሲጠየቁም የባቄላ እሸት አማረኝ ነበር ያሉት። ልጂቱ ከእሱ ሌላ አላገባም ብላለች፤ ሞላም ስሙ ካልጠራለት ልጄን ይዤ ደጃችሁን አልረግጥም ብሏል። ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት መሆን አለበት። እባክዎ ግዝቱን ይፍቱልን፤ የልጁንም ስም ይመልሱለት።

ባለቤትዎ ወለተ ሐና


ደሴ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወይዘሮ ወለተ ሐና፣

የእመቤታችን ጥበቃ ከደጃፍሽ አይለይ። ዓይኔን ጠይቀሽኛል። ቀኙን አክመው ሻሽ አስረውልኛል፤ ይህን የምጽፈው በግራው ነውና መስመሬ ወደ ታች ቢወርድ አትሳቂብኝ። አሰለች በደንብ ይዛኛለች፤ ምግቡም ደኅና ነው፤ ከተማው ግን ጩኸቱ ያሰለቻል።

ጃርት ብለሻል። እኔ በዚያ ጓሮ ተወልጄ አድጌ አንድ ቀን ጃርት አላየሁም፤ አባቴም አላየም። አሁን እኔ ከቤት ስወጣ ጃርት መጣ መባሉ አይገርምሽም? እሾህ ከገደል ለቅሞ በሰው ጓሮ መጣል ለአንድ ጎረምሳ የሚያቅት ሥራ አይደለም። ጋሻዬ ደግሞ ብልጥ ልጅ ነው፤ ብልጠቱን አልካድኩትም።

ይሁን፣ ጃርት ነው እንበል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንደኛ፣ ሲመሽ ከካቡ ውጭ ሆናችሁ ቆርቆሮ ምቱ፤ ጃርት ጩኸት አይወድም። ካልሄደ በርበሬ አጢሺና ጭሱን ወደ ውስጥ አራግቢ። ይህም ካልሆነ ውሻ ይግባ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው እግሩን አያነሣም፤ ግዝቱም አይነካም።

አንቺን በሚመለከት፣ እኔ በልቤ ቤተሰቤን አላሰብኩም። አንቺ ግቢ፤ ለወጥ የሚሆንሽን አውጪ። ብቻ ሰው እያየሽ አትግቢ፤ ቄሱ ቃሉን አጠፈ ይሉኛል። የሞላን ልጅ ነገር ስመጣ እናየዋለን።

የአባትሽን ካብ ማንሣትሽ ተገቢ አልነበረም። ያን ጊዜ ገና ዲያቆን ነበርኩ፤ እሸቱም እውነት አምሮኝ ነበር።

ገብረ ሊባኖስ


ገነተ ማርያም፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ ባለቤቴ፣

የሻሹ መነሣት ደስ አሰኝቶኛል፤ አብዱልሀሚድ ነው ያበሠረኝ። ጾሙን እንዴት ያዙት? እኛ ያለ ድንች ይዘነዋል።

ለምን አልገባሽም ብለው ተቆጥተዋል አሉ። ልገባ ነበር። ሰው የለም ብዬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ አንድ እግሬን ካቡ ላይ ስሰቅል መሪጌታ ወርቅአገኘሁ በመንገዱ ብቅ አሉ። «ወለተ ሐና፣ ወዴት ነው?» አሉኝ። ካቡ ሊናድ ነው፣ እያየሁት ነው አልኩ። የቄስ ሚስት ሆኜ በጾም ዋሸሁ፤ ይህ በእርስዎ ይቆጠር።

ከዚያማ መደበቁ ስላልሆነልኝ ነገሩን በግልጽ ጠየቅኳቸው። መሪጌታ ያሉትን እንዳለ ልጻፍልዎ፤ ግዝት የሚይዘው አፍ ያወጣው ቃል ነው እንጂ በልብ የቀረው አይደለም። በሌባ ላይ የወጣ ግዝት ደግሞ የሚፈታው ሌባው ሲታወቅ ነው። የገዘተው ሰው ግዝቱን ባወጣበት ቦታ ቆሞ ሌባው እገሌ ነው፣ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ሲናገር ያን ጊዜ ይፈታል። ስለዚህ ከእርስዎ የሚጠበቀው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ያዘዙትን መድኃኒት ሁሉ አድርገናል፤ ውጤቱን ይስሙ። ብርቅዬና እኔ ቆርቆሮ መምታት ከመጀመራችን የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች ሽፍታ ገባ ብለው እየሮጡ መጡ። ሊቀ መንበሩ ደርበው በማግስቱ አስጠርቶን፣ ከእንግዲህ ቆርቆሮ የሚመታው በማኅበሩ ውሳኔ ብቻ ነው አለን። እንግዲያው አንተ ጠመንጃ አለህ፣ ከካቡ ላይ ሆነህ ተኩስልን ብለው፣ ጥይቱ የአብዮቱ ንብረት ነው፣ ለጃርት ለመተኮስ ከአውራጃ ፈቃድ ያስፈልጋል አለኝ።

በርበሬውንም አጤስን። ሳራግበው ነፋሱ ዞረና ጭሱ እንዳለ ወደ እኛው ቤት ገባ። ጎረቤቶች ሲመጡ እኔም ብርቅዬም ዓይናችን ቀልቶ፣ ንፍጣችን እየወረደ አገኙን። እማማ ገለቴ እርስዎ ደሴ ላይ የሞቱ መስሏቸው ደረታቸውን መቱ። እስካስረዳቸው ድረስ ሦስት አራት ሰው አልቅሶልዎታል፤ አንዳንዱም ደኅና አድርጎ ነው ያለቀሰው።

ውሻም ገባ። የማን ውሻ ቢሉ፣ የሞላ ነው፤ ያመጣልንም ጋሻዬ ነው። ካቡን ዘሎ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ አፍንጫው ላይ እሾህ ተሰክቶበት እያለቀሰ ወጣ። ጋሻዬ በጉልበቱ መካከል አድርጎ እሾሁን ሲነቅልለት፣ የቆመው ሰው ደግሞ ውሻው ተገዝቷል አልተገዘተም እያለ ይከራከራል። እስከ ዛሬ ያንን ውሻ የሚያባብለው ጋሻዬ ብቻ ነው።

ጃርቱ አሁን የእኛን ብቻ አይደለም የሚበላው። በካቡ ሥር እየወጣ የሞላንም የደርበውንም መደብ ይቆፍራል። ቀዳዳውን በድንጋይ ሲደፍኑበት ሌላ ይከፍታል። ሰው ዱላ ይዞ ያሳድደዋል፤ እሱ ሮጦ ወደ ጓሯችን ይገባል፤ አሳዳጁ ሁሉ ካቡ ጋ ሲደርስ እግሩን ሰብስቦ ይቆማል። ሰዉ በእርስዎ ላይ ማጉረምረም ጀምሯል። እኔም ከሰዉ ጋር ነኝ።

ወለተ ሐና


ደሴ፣ ጥር 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወለተ ሐና፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ስላለቀሱልኝ ሰዎች ያልሽውን አሰለች ደጋግማ አንብባዋለች፤ ጎረቤቶቿንም ጠርታ አስቃብኛለች። በደንብ ያለቀሰውና ያላለቀሰው ማን ማን እንደሆነ በሚቀጥለው ጻፊልኝ።

ውሻው አልተገዘተም። እንስሳ ግዝት አይዘውም፤ ይህን ለሁሉም ንገሪያቸው፤ እንስሳውንም ያባብሉት። ሕዝቡ ካቡ ጋ ሲደርስ መቆሙ ግን ልቤን ነክቶታል። በዚህ ዘመን፣ ካህን ምንድን ነው በሚባልበት ጊዜ፣ ዱላ የያዘ ጎረምሳ ለአንድ ቃል ብሎ ሲቆም ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብለሽ ወዳቃለልሻት ልምጣ። በቤተ ክርስቲያን በር ቆሜ «ሌባው ጃርት ነው» ልበል? ከላስታ እስከ ዋድላ፣ እስከ ኮን ገበያ ድረስ፣ ከእንግዲህ ስሜ ገብረ ሊባኖስ መሆኑ ይቀራል፤ ጃርት የገዘቱት ቄስ እባላለሁ። ልጆች በመንገድ ይከተሉኛል። ሰው መስቀል ሊሳለም ሲጎነበስ ከንፈሩን ነክሶ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን እፈራለሁ። ሕመሙንም ሐኪሙንም እንዲህ አልፈራሁም።

ስለዚህ ትንሽ ታገሡ። ጃርቱም እኮ ድንቹ ሲያልቅ ይሄዳል።

ገብረ ሊባኖስ


ገነተ ማርያም፣ ጥር 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለቄስ ገብረ ሊባኖስ፣

በጥምቀቱ ታቦት ሲወጣ ቦታዎ ባዶ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ጠይቆዎታል። ማን በደንብ አለቀሰ ላሉት፣ ከሁሉም የበለጠው ሞላ ነበር። ይህን በልብዎ ያኑሩት።

ጃርቱ ድንቹ ሲያልቅ ይሄዳል ብለዋል። የእኛው አልቋል። ጃርቱ ግን አልሄደም፤ ማደሪያው እኛ ዘንድ፣ ቀለቡ በየሰዉ ጓሮ ሆኗል።

አሁን የምነግርዎ ነገር ነገራችንን ይባስ አበላሽቶታል። ደርበው ስብሰባ ጠራ። ግዝት አድኃሪያን ሰፊውን ሕዝብ ከምርቱ የሚያርቁበት መሣሪያ ነው አለ። እጃችንን አወጣን፣ አጨበጨብን። ታዲያ ማን ይግባ ሲባል፣ እሱ የማኅበሩ ሥራ ተደራርቦበታል። ታጣቂዎቹ ጥበቃ አለባቸው። አንዱ እግሩን ያመዋል፣ አንዱ ሚስቱ አራስ ናት። በመጨረሻ ሁሉም ዞሮ ምስጋኑን አየው። ምስጋኑ ከአዲስ አበባ የመጣው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ነው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር እንደማያምን በየጊዜው ይነግረናል። እኔ እገባለሁ አለ።

አገሩ ሁሉ ወጥቶ በካቡ ዙሪያ ቆመ። ምስጋኑ ቀዳዳዎቹ በድንጋይ እንዲደፈኑ አዘዘና ቁምጣውን ታጥቆ፣ አካፋ ይዞ ገባ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ወደ እኛ ዞረና «አያችሁ፣ ጓዶች፣ ምንም የለም» አለ። ይህን እያለ ጃርቱ ወደ ኋላው እየተንደረደረ ወጥቶ እሾሁን ባቱ ላይ ሰካበት። ልጁ ጮኸ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለምን እልል እንዳሉ አሁንም አይገባኝም። ጃርቱ ተመልሶ ገባ። ምስጋኑ እግሩን ይዞ ድንቹ መደብ ላይ ተቀመጠ፤ ገብቶ የሚያወጣው ሰው ጠፋ። ጋሻዬ ነው ካቡ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ እግሩን ውስጥ ሳያሳርፍ፣ በገመድ ጎትቶ ያወጣው። ልጁ ደኅና ነው፤ ቁስሉን አጥበን አስረንለታል፤ እያነከሰ ያስተምራል።

ከዚያ ወዲህ ግን የእርስዎ ግዝት ይባስ አየለ። ያዘው፣ በባቱ ያዘው ይላል ሰዉ። ደርበው ራሱ ስብሰባውን ከካቡ አጠገብ ወደ ታች አዛውሮታል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ ጥላ ፍለጋ ነው አለ። ከኩልመስክ ሁለት ገበሬዎች ማሳችንን ይገዝቱልን ብለው እርስዎን ፍለጋ መጥተው ነበር። እኔ ምን ብዬ ልመልሳቸው?

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሞላ መጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ አነጋገረኝ፤ ግባ ብለው አልገባም አለ። ለኪዳነ ምሕረት፣ የካቲት 16፣ የልጁ ስም ካልጠራ ኮን ካሉት ወዳጆቹ የአንዱን ልጅ ለጋሻዬ ሊያጭለት ነው። ሲናገር ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው። ጎረቤት ሆነን አብረን ያረጀን ሰዎች ነን። ብርቅዬ ሰምታለች፤ እህል በአግባቡ አትቀምስም። እርስዎ ሳቅን ይፈራሉ፤ እኔ ደግሞ ልጄ እንዳታዝንብን እፈራለሁ።

ወለተ ሐና


ደሴ፣ ጥር 28 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወለተ ሐና፣

ደብዳቤሽ ሲደርስ እዚህ ቤት እንግዶች ነበሩ። አሰለች የምስጋኑን ክፍል ጮክ ብላ አነበበችው፤ ሁሉም እጅ ነሡኝ። የአንድ ግቢ ሰው እየመጣ እኚህ ናቸው ወይ ይላል። ለልጁ አዝኛለሁ፤ ቁስሉን ቅቤ ቀቡት። ግን አየሽ፣ ቃል ቀላል ነገር አይደለም። ለኩልመስኮቹ ገበሬዎች አባ ሲመለሱ ያስቡበታል በያቸው።

መቼ ይመጣሉ ማለትሽ አይቀርም፤ ዓይኔ ገና ነው። ብርሃን ይወጋኛል፤ መንገዱም አቧራ ነው። ከፋሲካ በኋላ ብመጣ ይሻላል። ሞላን እስከዚያ እንዲታገሥ ንገሪው። ጋሻዬም ገመድ በመጎተቱ አመስግኚልኝ። አሁን ግን፣ ግዝቱ እንዲህ በተከበረበት ሰዓት ወጥቼ ጃርት ነበር ማለት እንዴት ይሆናል? ሰዉ እግዜርንም አብሮ ይንቃል። ይህን አስቢልኝ እንጂ።

ብርቅዬ ልጅ ናት፤ ይበርድላታል።

ገብረ ሊባኖስ


ገነተ ማርያም፣ የካቲት 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለቄስ ገብረ ሊባኖስ፣

ዓይንዎን ከእንግዲህ አልጠይቅም። አብዱልሀሚድን በእስላምነቱ አስምዬ ጠይቄዋለሁ። ዓይናቸው ከዳነ ሰንብቷል፣ ገበያ ብቻቸውን ወጥተው የፍየል ጥርስ ገልጠው አይተው ይገዛሉ ብሎኛል። እግዚአብሔር ይመስገን። ከእኔ መደበቅዎ ግን ከፍቶኛል።

ደብዳቤዎ ቅዳሜ ደረሰኝ። ሳነበው ብርቅዬ አጠገቤ ነበረች፤ ይበርድላታል የሚለውን ስደርስ ላልፈው ነበር፣ ፊቴን አይታ አስነበበችኝ።

ትናንት እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ሳይበተን በበሩ ቆመች፤ እርስዎ በቆሙበት ቦታ። «ጋሻዬ ያለ ጥፋቱ በሰው ዓይን ተገዝቷል። እኔ ግን አውቄ እገዘታለሁ፤ ኋላ ሳታውቅ ነው እንዳትሉ» አለች። ከዚያ ወደ ቤት ወረደች፤ ሰዉ ሁሉ ተከተላት። እጇን ይዤ ለመንኳት፤ እጄን ስማ ለቀቀችኝ። ዶማና የሚጨስ በርበሬ በገል ይዛ ካቡን ተሻገረች። ቀዳዳው ሁሉ ውጭ ውጭውን ሰው ተመድቦበት ነበር፤ ጉድጓዱን አጠነችው፣ አፉን አስፍታ ቆፈረችው። ጃርቱ እያስነጠሰ በጌሾው በኩል ሲወጣ እነ ሞላ በዱላ ተቀበሉት። በደንብ የሰባ ነበር፤ ይስባ እንጂ፣ የመንደሩን ድንች የበላ ነው።

ሬሳውን ሁሉም አየው። ደርበው ፀረ ሕዝብ ጃርት በሰፊው ሕዝብ ክንድ ተደመሰሰ የሚል ሪፖርት እያዘጋጀ ነው፤ ምስጋኑም ማስተካከያ እየሰጠው ነው። ሰዉ አንድ ቀን ሙሉ ሳቀ። የፈሩት ሳቅ ይኸው ተሳቀ፤ እርስዎ ሳይኖሩ አለቀ።

አሁን ግን የሚስቅ የለም። ዛሬ ጠዋት ብርቅዬ ለኪዳን ጸሎት ሄዳ ከበሩ ውጭ ቆመች። መሪጌታ ሊያስገቧት አልቻሉም፤ እያለቀሱ አለፏት። መስቀል አትሳለምም፤ ጠበል አትጠጣም። ጋሻዬ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ እሱም አይገባም። ጃርቱ ሞተ፣ ሌባው ታወቀ፣ አገሩ ሁሉ ዐወቀ፤ ምስጋኑ እንደሆነ ድሮም ቤተ ክርስቲያን አይስምም፤ ውጭ የቀረችው የእርስዎ ልጅ ብቻ ናት። እኔ ግቢ አልላትም፤ ውጭ ያቆማት አባቷ ነው፤ የሚያስገባትም እሱ ነው።

ደክሞኛል። ናፍቀውኛልም፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።

ወለተ ሐና


ኩልመስክ፣ የካቲት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወለተ ሐና፣

ይህን የምጽፍልሽ ኩልመስክ ላይ ከጠላ ቤት ደጅ ተቀምጬ ነው። አብዱልሀሚድ ቀድሞኝ ስለሚገባ እሱ ያደርስልሻል። ደብዳቤሽ በደረሰ በማግስቱ ተነሣሁ። አሰለች ስንቅ እያዘጋጀች ታለቅስ ነበር፤ ስትጨርስ ደግሞ ሰደበችኝ፤ ስድቧ ልክ ነበር።

ዓይኔን ስለደበቅኩሽ ተቆጥተሻል። ልክ ነሽ። ሰውን እንዴት ብዬ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው እንጂ ዓይኔስ ደኅና ነበር።

ከወልድያ በጭነት መኪና ነው የመጣሁት፤ ከጆንያ ላይ ተቀምጬ። ሾፌሩ ወዴት ነው አባ ሲለኝ ገነተ ማርያም ብለው፣ ጃርት የገዘቱትን ቄስ ያውቋቸዋል ወይ አለኝ። ስለዚህ ነገሩ ወልድያ ደርሷል ማለት ነው። አላውቃቸውም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ልጄ ከበሩ ውጭ ስትቆም ታየችኝና፣ እኔው ነኝ አልኩት። መኪናውን አቁሞ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። ጥቂት ቆይቼ እኔም ሳቅሁ፤ ለምን ያን ያህል ስፈራው እንደ ከረምኩ እንጃ። እዚህም ጠላ ቤት ውስጥ ወሬው ተሰምቶ ሁለቱ ገበሬዎች መጥተው ማሳችንን አይገዝቱልንም ወይ አሉኝ። ቆርቆሮ ምቱ አልኳቸው።

አሁን የምልሽን በደንብ ስሚ። ግዝቱን በደብዳቤ አልፈታም። መፍታት አቅቶኝ አይደለም፤ በአፌ ያሰርኩትን በአፌ መፍታት ስላለብኝ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በፊት በበሩ እቆማለሁ። ሌባው ጃርት ነበር፣ የሞላን ልጅ በሐሰት ጠርጥሬ ስሙን አጥፍቻለሁ እላለሁ። ሞላን በሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ፤ አልቸኩልም፣ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ከዚያ የልጄን እጅ ይዤ እኔው አስገባታለሁ። ኪዳነ ምሕረት በማግስቱ ናት፤ ሽማግሌዎቹ የዚያን ዕለት ይምጡ፤ በር ላይ ቆሜ ነው የምቀበላቸው። ሠርጉ ጾም ሳይገባ ይደርሳል፤ ድንች ባይኖርም ሌላ ሌላው አለ።

ለብርቅዬ ምን እንደምላት አላውቅም። ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁ። አባትሽ በመንገድ ላይ ነው በያት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጉልበቴ ከጆንያው ላይ ጉዞ በኋላ አብጧል፤ ከዚህ በእግሬ መምጣት አልችልም። በቅሎዋን ላኪልኝ። እንደምታውቂው ባዳ እጅ አትገባም፣ ከቤት ሰው በስተቀር ማንንም አታስጠጋም፤ እኔም ለሰው ሰጥቻት አላውቅም። ጋሻዬ ይዟት ይምጣ። ሌላ ሰው እንዳትልኪ፤ እሱ እስኪመጣ ድረስ እዚሁ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።

ገብረ ሊባኖስ